አንዲት ተቃዋሚ ከ156 መካከል፦ የሔለን ሱዝማን ወንበር ምን ፈየደ?

የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ደቡብ አፍሪካ ሳነብ ሔለን ሱዝማን የምትባል የፓርላማ አባል አሥራ ሦስት ዓመት ብቻዋን አፓርታይድን ተቃወመች ይላል። እንደገባኝ ግን አንድም ሕግ አላስቀረችም። በአንድ እጅ አይጨበጨብም። ታዲያ እዚያ መቀመጧ ለነጮቹ መንግሥት ጌጥ ከመሆን በቀር ምን ጥቅም ነበረው? እባክዎ በዝርዝር ያስረዱኝ።»

ጥያቄዎ አዲስ አይደለም። ወይዘሮ ሱዝማን በሕይወት ሳሉ ወዳጅም ጠላትም ፊት ለፊት የጠየቃቸው ነው፤ የፓርላማ ታሪክ ሳስተምርም ተማሪዎቼ በየዓመቱ ያነሡብኛል። መልሴን ላስቀድም። የእኚህ ሴት ጉልበት ድምፅ መስጠቱ ላይ አልነበረም፤ ድምፁማ ከመቆጠሩ በፊት የተሸነፈ ነው። ጉልበታቸው ሚኒስትሩ ሳይመልስ ሊያልፈው በማይችለው የጥያቄ ወረቀት ላይ ነበር። «ጌጥ» የሚለው ክስም ቢሆን ባዶ ክስ አይደለምና እመለስበታለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሔለን ጋቭሮንስኪ ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ከጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው የወርቅ ማዕድን ከተማ በጀርሚስተን ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሊቱዌንያ የመጡ አይሁዶች ናቸው፤ እናታቸውን ገና በጨቅላነታቸው አጥተዋል። በ19 ዓመታቸው ሞዝስ ሱዝማን የተባለ ሐኪም አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ከዚያ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ማስተማር ያዙ። ፖለቲካ ውስጥ የከተታቸው ወረቀት ነው ቢባል ይቀላል። ከ1946 ጀምሮ በከተማ ስለሚኖሩ ጥቁሮች የሚያጠና የመንግሥት ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ የዘር ግንኙነት ተቋም የሚባለው ድርጅት ለዚያ ኮሚሽን የሚያቀርበውን ማስረጃ ሲያዘጋጁ የይለፍ ወረቀት ሕጎችን አንድ በአንድ አነበቧቸው። አንድ ጥቁር የት እንዲያድር፣ የት እንዲሠራ፣ ሚስቱን ይዞ መኖር ይችል እንደሆነ የሚወስነው ያ ወረቀት ነበር። የተማሩት ኢኮኖሚ ነውና ነገሩን መጀመሪያ ያዩት በቁጥር ነው፤ ይህ ጠባይ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

በ1953 በዩናይትድ ፓርቲ ስም ከጆሃንስበርግ ሃብታም ሰፈር ከሃውተን ተመርጠው ኬፕታውን ፓርላማ ገቡ። ዩናይትድ ፓርቲ ተቃዋሚ ይባል እንጂ የዘር ነገር ሲነሣ አንድ እግሩ እዚህ አንድ እግሩ እዚያ ነበር። በ1959 ብሉምፎንቴን ላይ በተደረገው ጉባኤው ለጥቁሮች ተጨማሪ መሬት መገዛቱን የሚቃወም ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ ወይዘሮ ሱዝማንን ጨምሮ ከአሥር የሚበልጡ የምክር ቤት አባላት ጥለውት ወጡ። ፕሮግሬሲቭ ፓርቲን መሠረቱ፤ ያን ስታይትለርን መሪ አደረጉ፤ የማዕድን ቱጃሩ ሃሪ ኦፐንሃይመር ኪሱን ፈታላቸው። በኦክቶበር 1961 ምርጫ መጣና ጠራረጋቸው። ገዢው ናሽናል ፓርቲ 105፣ ዩናይትድ ፓርቲ 49፣ አንድ ሌላ ትንሽ ፓርቲ 1፣ ፕሮግሬሲቭ 1። መሪው ሳይቀር ወደቀ፤ የተረፉት እሳቸው ብቻ፣ ያውም በ564 ድምፅ ብልጫ።

መቼም የኛ ሰው የሚገርመው አንድ ነገር ልጨምር። ከነዚያ 156 ወንበሮች ስድስቱ የተያዙት ከደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ከዛሬዋ ናሚቢያ፣ በመጡ ነጮች ነበር። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን ሄግ ላይ የከሰሱት በዚያችው ግዛት ሰበብ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1966 «ከሳሾቹ የመክሰስ መብት የላቸውም» ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ፣ ስድስቱ ሰዎች ኬፕታውን ላይ ወንበራቸው አልተነቃነቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚያዝንላቸው ብቻቸውን በመቅረታቸው ነው፤ እኔ ግን መሣሪያ የሆናቸው ያ ብቸኝነት ይመስለኛል። ብዙ አባላት ያሉት ፓርቲ ማን በየትኛው ረቂቅ ላይ እንደሚናገር የሚመርጠው ራሱ ነው፤ የሚያስቸግር አባል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ አፉን ሳይከፍት ሊከርም ይችላል። በዩናይትድ ፓርቲ ስድስት ዓመት የገጠማቸው ይኸው ነበር። ከ1961 በኋላ ግን ፓርቲ ማለት እሳቸው ሆኑ። የፍትሑም፣ የትምህርቱም፣ የወህኒ ቤቱም፣ የበጀቱም ተናጋሪ እሳቸው። በየረቂቁ የፓርቲያቸው አቋም ይሰማ ዘንድ ተራ ይደርሳቸዋል። ከነዚያ ዓመታት በከፊሉ ደግሞ በምክር ቤቱ ብቸኛዋ ሴት ነበሩ።

ከንግግር ይልቅ የበለጠ የሠራው ጥያቄው ነው። ማንኛውም አባል ለሚኒስትር ጥያቄ በጽሑፍ ማስመዝገብ ይችላል፤ ሚኒስትሩ ይመልሳል፤ ጥያቄና መልሱ በፓርላማው ቃለ ጉባኤ፣ እነሱ ሃንሳርድ በሚሉት፣ ታትሞ ይወጣል። ናሽናል ፓርቲ ይህን ከእንግሊዝ የወረሰውን ሥርዓት አላፈረሰውም፤ «እኛ ዴሞክራሲ ነን» ማለት ይፈልግ ነበርና። ወይዘሮ ሱዝማን የገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው። ባለፈው ዓመት በይለፍ ሕግ ስንት ሰው ታሰረ? ያለ ክስ ከተያዙት ውስጥ ስንቱ ፍርድ ቤት ቀረበ? ፖሊስ እጅ ላይ ስንት ሰው ሞተ፣ የሞቱስ ምክንያት ምን ተብሎ ተመዘገበ? ስንት ሰው ተሰቀለ፣ ስንት ሰው ተገረፈ? ከዚህ መንደር ስንት ቤተሰብ ተነቅሎ ወዴት ተወሰደ?

እነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አንድም ቅጽል የለም። ስድብ ቢሆን አፈ ጉባኤው ያስቆመዋል፣ ንግግር ቢሆን ሌላ ንግግር ያስተባብለዋል፣ ቁጥር ግን ወይ ይሰጣል ወይ «አልሰጥም» ይባላል፤ «አልሰጥም»ም ራሱ ይታተማል። በይለፍ ሕግ የሚታሰረው ሰው በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መሆኑን ዓለም ያወቀው ከተቃዋሚ በራሪ ወረቀት ሳይሆን ከመንግሥቱ ከራሱ አፍ ነው። የዘር ግንኙነት ተቋም በየዓመቱ የሚያወጣው ዳሰሳ ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይቀዳ ነበር፤ ጠበቆች፣ የውጭ ጋዜጠኞች፣ የተባበሩት መንግሥታት ጸሐፊዎች እንደዚያው። አንድ ሚኒስትር መሮት «እነዚህን ጥያቄዎች የምታቀርቢው ደቡብ አፍሪካን በውጭ አገር ለማሳፈር ነው» ሲላቸው የመለሱለት ስማቸው በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል፦ አሳፋሪው የኔ ጥያቄ አይደለም፣ የእናንተ መልስ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ልዩ መብቱ ነው። አባሉ ምክር ቤት ውስጥ በተናገረው አይከሰስም፤ ጋዜጣም የተባለውን እንደተባለ ሊዘግብ ይችላል። ይህ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ከምክር ቤቱ ውጭ ያለውን ይመልከቱ። በ1959 የወጣው የወህኒ ቤቶች ሕግ ስለ እስር ቤት ያልተረጋገጠ ነገር ማተምን ወንጀል አደረገው፤ ማረጋገጫው ደግሞ ያለው ወህኒ ቤቱ እጅ ነው። ራንድ ዴይሊ ሜል የተባለው የጆሃንስበርግ ጋዜጣ በ1965 አንድ የቀድሞ እስረኛ ያየውን በተከታታይ አወጣ፤ ዋና አዘጋጁ ሎረንስ ጋንዳርና ጋዜጠኛው ቤንጃሚን ፖግረንድ ዓመታት በፈጀ ክስ ተንገላትተው በ1969 ጥፋተኛ ተባሉ። ያንኑ የመሰለ ነገር ወይዘሮ ሱዝማን ከወንበራቸው ተነሥተው ቢናገሩት ግን በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ ነው።

የመረጧቸው የሃውተን ነጮች ቢሆኑም፣ በዚህ ምክንያት ደብዳቤው የሚጎርፍላቸው የመምረጥ መብት ከሌላቸው ነበር። ባሏ የታሰረባት፣ ልጁ የጠፋበት፣ ቤቱ ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት፣ ሁሉም ለእሳቸው ይጽፋል። እሳቸውም ተቀምጠው አይቀበሉትም፤ ሄደው ያያሉ። ሰው ከመንደሩ ተነቅሎ ሜዳ ላይ ወደተራገፈባቸው ወደ ላይምሂልና ወደ ዲምባዛ ሄደዋል። ምክር ቤት ውስጥ «የነገሩሽን ነው የምታወሪው» ለሚላቸው ሚኒስትር «እኔ አይቼዋለሁ፣ እርስዎስ?» ለማለት ነው።

1963 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብቻዋን ቀረች ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነውና። የፍትሕ ሚኒስትሩ ጆን ፎርስተር አንድ ረቂቅ አመጣ። ፖሊስ ማንንም ያለ ክስና ያለ ጠበቃ 90 ቀን ሊይዝ ይችላል፤ 90ው ሲያልቅ በር ላይ ለቅቆ መልሶ መያዝም ይችላል። ፍርዱን የጨረሰ እስረኛም ሚኒስትሩ ከፈለገ አይወጣም የሚል አንቀጽ ነበረበት። አንቀጹ የተሠራው ለአንድ ሰው፣ የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ መሪ ለሆኑት ለሮበርት ሶቡክዌ ስለነበር በስማቸው ይጠራል፤ ሦስት ዓመታቸውን ከጨረሱ በኋላ በዚሁ አንቀጽ እስከ 1969 ሮበን ደሴት ከረሙ። ዋናው ተቃዋሚ ዩናይትድ ፓርቲ እንኳ ረቂቁን ደገፈ። በዚያ ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ደጋፊ በአንድ ወገን ተቃዋሚ በሌላው ወገን ይቀመጣል። ሁሉም ተነሥቶ ወደዚያኛው ተሻገረ። በዚህኛው ወገን፣ በረድፍ በተደረደሩት ባዶ አረንጓዴ ወንበሮች መካከል፣ አንዲት ቀጭን ሴት ቀረች።

በዚያው ዓመት ከመንደራቸው እንዳይወጡ በእግድ የተያዙት የኖቤል ተሸላሚው አለቃ አልበርት ሉቱሊ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ በጨለመ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ብሩህ ኮከብ ነዎት አሏቸው። «ጌጥ» ለሚለው ክስ የመጀመሪያው መልስ ይህ ደብዳቤ ይመስለኛል፤ ሉቱሊ ለሥርዓቱ ጌጥ ምስጋና የሚጽፉ ሰው አልነበሩም።

ስድቡንማ ተዉት። «ወደ ሞስኮ ሂጂ»፣ «ወደ እስራኤል ሂጂ» የየዕለት ነገር ነበር። ስልካቸው እንደሚጠለፍ ስለሚያውቁ አጠገቡ ፊሽካ ያስቀምጣሉ፤ ሲያሰኛቸው አንሥተው መነጋገሪያው ውስጥ በኃይል ይነፉታል፤ በዚያ በኩል የሚያዳምጠው ጆሮው ይደንቁር ብለው። የከፋው ቀን ሴፕቴምበር 6፣ 1966 ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ፈርዉርት በገዛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዲሚትሪ ጻፈንዳስ የተባለ የምክር ቤቱ ተላላኪ በቢላ ወግቶ ገደለው። በዚያ ትርምስ መካከል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒ. ደብልዩ. ቦታ፣ በኋላ አገሪቱን የመራው፣ ጣቱን እሳቸው ላይ ቀስሮ «ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ እናንተ ሊበራሎች» እያለ ጮኸ። በኋላ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተገድዷል። ያ ይቅርታ ምን ዓይነት ፊት ይዞ እንደተጠየቀ ባይ እወድ ነበር።

በ1967 የፍትሕ ሚኒስትሩን አስፈቅደው ሮበን ደሴት ገቡ። ከክፍሎቹ የመጀመሪያው ላይ የነበረው ኤዲ ዳንኤልስ «ከኛ ጋር ጊዜ አያጥፉ፤ መጨረሻው ክፍል ማንዴላ አለ፣ ተወካያችን እሱ ነው» አላቸው። ማንዴላ፣ ከአምስት ዓመት በፊት እዚህ ኮልፌ ውትድርና ሲሠለጥኑ የነበሩት ሰው፣ እጃቸውን በብረቱ መካከል አውጥተው ጨበጧቸውና የእስር ቤቱ ሹማምንት ቆመው እየሰሙ አቤቱታውን ዘረዘሩ፦ ምግቡ በዘር ይለያያል፣ የሚተኙት ሰሌን ላይ ነው፣ የኖራ ካባው ሥራ፣ የጋዜጣና የትምህርት ክልከላው። በመጨረሻም እጁ ላይ የናዚ ስዋስቲካ የተነቀሰ ጠባቂ እንዳለ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሱዝማን ይህንን ይዘው ሄዱ። የጦርነቱ ትዝታ ገና ትኩስ ነው፤ አይሁዳዊት የፓርላማ አባል በሙሉ ምክር ቤት ፊት የናዚ ንቅሳት ያለበት የወህኒ ጠባቂ ጉዳይ ብታነሣ ምን እንደሚሆን መንግሥት ይገባዋል። ጠባቂው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከደሴቱ ተነሣ። ማንዴላ በኋላ እንደጻፉት ያን ክፍል የረገጡ የመጀመሪያዋና ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ።

ይህንን «አንድ ጠባቂ ተዛወረ፣ ታዲያ ምን?» ሊሉኝ ይችላሉ። ካባ ውስጥ ለሚውለው እስረኛ ግን የጠባቂው ማንነት ቀኑን ሙሉ የሚቀይር ነገር ነው።

አሁን ክሱን ላንሣ። የመጀመሪያው የምርጫ መብት ነው። ፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ዘር አይለይም ይባል እንጂ ለረጅም ጊዜ የሚቀበለው መምረጥ የሚችለው የተወሰነ ትምህርት ወይም ንብረት ያለው ሰው ነው የሚለውን መርሕ ነበር። ሆን ተብሎ ትምህርትና ንብረት በተነፈገ ሕዝብ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መቼም ግልጽ ነው። ወራሹ ፓርቲ መርሑን የተወው በ1978 ነው፤ እጅግ ዘግይቷል፣ ተቺዎቹ ልክ ናቸው። ሁለተኛው የ1968ቱ ሕግ ነው፤ ልዩ ልዩ ዘሮች በአንድ ፓርቲ እንዳይደራጁ ሲከለከል የአለን ፔተን ሊበራል ፓርቲ «ከምንከፋፈልስ ብንፈርስ ይሻላል» ብሎ ራሱን አፈረሰ፤ ፕሮግሬሲቭ ግን ጥቁር አባላቱን አሰናብቶ ቀጠለ። እዚህ ላይ እኔም አቋሜን ቆርጬ አላውቅም። የሊበራሎቹ ክብር ያስቀናል፤ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው የቀረው ግን በፕሮግሬሲቭ በኩል ነው። ሦስተኛው ማዕቀብ ነው። ማዕቀብ የጥቁሩን እንጀራ ይነጥቃል እያሉ ይከራከሩ ስለነበር በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀር ጮኸውባቸዋል። በዚህ ተሳስተዋል ባይ ነኝ፤ የገንዘብ ገበያው መዘጋቱ መንግሥቱን ወደ ድርድር ከገፉት ነገሮች አንዱ ነበርና።

በ1974 ምርጫ ኮሊን ኤግሊንና ወጣቱ ፍሬደሪክ ቫን ዚል ስላበርት ጭምር ገብተው ፓርቲው ስድስት ወንበር አገኘ፤ ወዲያው በማሟያ ምርጫ ሰባት ሆነ። በ1977 በ17 ወንበር ዋናው ተቃዋሚ ለመሆን በቃ። ከዚያ በኋላ የወይዘሮ ሱዝማን ታሪክ እንደ ድሮው አይነገርም፤ ሥራው ግን ያው ሥራ ነበር።

የርስዎን ጥያቄ ከማንም በላይ አክብዶ የጠየቀው የራሳቸው መሪ ነው። በፌብሩዋሪ 1986 ስላበርት ተነሥቶ ይህ ምክር ቤት የሚፈይደው ነገር የለም ብሎ የተቃዋሚ መሪነቱንም ወንበሩንም ጥሎ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት ዳካር ላይ ከማንዴላ ድርጅት ከኤ.ኤን.ሲ. መሪዎች ጋር የተደረገውን ንግግር አዘጋጀ። ወይዘሮ ሱዝማን ተናደዱ፤ እንደ ክህደት ነው የቆጠሩት። ከሁለቱ ማን ልክ ነበር? አገሪቱ የምትወሰነው ከፓርላማ ውጭ መሆኑን ያየው ስላበርት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ በ1986፣ የይለፍ ሕጉ ተሻረ። የሻረው የከተሞቹ አመፅ፣ የሠራተኛው አድማና የኢኮኖሚው ጣር ነው። ሕጉ ምን ያህል ሰው እንደፈጀ ከ30 ዓመት በላይ በመንግሥት ማኅተም ያስመዘገቡት ግን እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሥራዎች አይተካኩም፤ ስላበርት የሳተው ይህን ይመስለኛል።

ምክር ቤቱን የተሰናበቱት በ1989 ከ36 ዓመት በኋላ ነው፤ በ2009 የመጀመሪያ ቀን በ91 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ አዲሱንም መንግሥት መተቸት አልተዉም። ከመሰናበታቸው በፊት ካቀረቧቸው የመጨረሻ ነገሮች አንዱን ነግሬዎት ላብቃ። አንድ ነጭ ገበሬ ጥቁር ሠራተኛውን አስሮ እየደበደበ ገደለው። ዳኛው ፈረደና ቅጣቱን በገደብ አደረገለት፤ ገዳዩ ወደ እርሻው ተመለሰ። ወይዘሮ ሱዝማን ዳኛው ከመንበሩ ይነሣ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። እንደሚሸነፉ ያውቁ ነበር፤ ተሸነፉም። የሟቹ አገዳደልና የፍርዱ ዓይነት ግን አንድ በአንድ ተነብቦ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ገባ፤ ዛሬም እዚያው አለ።